ከሳውዝ ሲ እስከ ባሕሩ ዳር፦ መንገደኛ ወፎችን እንወቃቸው



በናይሮቢ ከተማ በሳውዝ ሲ መንደር የምትኖሩ ሁሉ በየቀኑ ሁለት ዓይነት በራሪ ታያላችሁ። አንደኛው ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሣ በጣራችሁ ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ሲሆን ሁለተኛው ወፍ ነው። የስዋሂሊ ቋንቋ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቷቸዋል፤ ወፍም ሆነ አውሮፕላን «ንዴጌ» ይባላል። አውሮፕላኑን ሕፃናት ሳይቀሩ አንጋጠው ያዩታል፤ ወፉን ግን አብዛኞቻችን ልብ አንለውም። በዚህ ዕትም የምንገልጽላችሁ ስለ ሁለተኛው «ንዴጌ» ነው፤ ይልቁንም ውሃን፣ ረግረግንና የባሕር ዳርቻን ተከትለው ከሩቅ አገር ስለሚመጡት ወፎች ነው። በካምፕ ያላችሁ ተማሪዎችም ብትሆኑ ከሰማዩ በታች ናችሁና ጽሑፉ እናንተንም ይመለከታል።

ስደተኛ ወይስ መንገደኛ?

በመማሪያ መጻሕፍት እነዚህ ወፎች «ስደተኛ ወፎች» ተብለው ይጠራሉ። እኔ ግን «መንገደኛ ወፎች» ብንላቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ስደተኛ ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስደተኛ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም። ወፏ ግን ታውቃለች። በየዓመቱ በወቅቷ ትመጣለች፣ በወቅቷ ትመለሳለች። ነቢዩ ኤርምያስም በ8ኛው ምዕራፍ ሽመላ ጊዜዋን የምታውቅ መሆኗን የጠቀሰው ይህን ልማድ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀው ስለነበር ነው።

«ወፎች ድንበር የላቸውም» ሲባልም ትሰማላችሁ። ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ወፍ ፓስፖርት እንደማትጠየቅ የታወቀ ነው። ነገር ግን የምትበረው በስንቅ ነው፤ ስንቋም ከቆዳዋ ሥር ያከማቸችው ስብ ነው። ረጅም መንገድ ከመጀመሯ በፊት አብዝታ እየበላች ትወፍራለች፤ ከትንንሾቹ ወፎች ክብደታቸውን ወደ እጥፍ የሚያደርሱ አሉ። በመንገድ ላይ ስቡ ሲያልቅ ወርዳ መመገብ አለባት። የወረደችበት ጨፌ ደርቆ ወይም ተደፍኖ ሕንጻ ተሠርቶበት ከጠበቃት፣ የወፏ ድንበር እዚያ ላይ ነው። ወደፊት ለመሄድ ጉልበት የላትም፤ ወደኋላም መመለስ አትችልም። ስለሆነም ስለ ውሃ ወፎች ሲነገር ሁልጊዜ ስለ ረግረግ አብሮ የሚነሣው በከንቱ አይደለም።

ከየት እንደሚመጡ እንዴት ታወቀ?

ከብዙ ዘመን በፊት በአውሮፓ ብርድ ሲገባ ወፎቹ የት እንደሚጠፉ ስለማይታወቅ፣ ጨረባ በኩሬ ጭቃ ውስጥ ገብታ ትተኛለች ብለው የሚያምኑ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን ክሉትዝ በሚባል ስፍራ አንድ ሽመላ ተመትቶ ወደቀ። አንገቱን ወጋ አድርጎ ያለፈ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ፍላጻ ተሰክቶበት ነበር። ፍላጻው የአፍሪካ ሰው ሥራ ነበር። ሽመላው በአፍሪካ ተወግቶ፣ ፍላጻውን እንደተሸከመ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ አገሩ ገብቶ ነበር ማለት ነው። አካሉ ደርቆ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1899 ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ አገር መምህር ቪቦርግ በሚባለው ከተማ በወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ ያለበት ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ወፏን ሌላ አገር ያገኛት ሰው ቀለበቱን አንብቦ ይጽፋል። ዛሬም ይኸው ዘዴ ይሠራበታል። እዚሁ ኬንያ ውስጥ በጻቮ ምዕራብ ብሔራዊ ፓርክ ንጉሊያ በሚባለው ተራራማ ስፍራ፣ ከ1969 ጀምሮ ጉም በሚበዛባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች በሎጁ መብራት ተስበው የሚወርዱ መንገደኛ ወፎች በመረብ እየተያዙ፣ ቀለበት እየታሰረላቸው ይለቀቃሉ።

ንጉሊያ ላይ ከሚያዙት መካከል አንዷን ልንገራችሁ። የረግረግ ዘማሪ እንበላት። መልኳ ቡናማ፣ ክብደቷ 12 ግራም ገደማ፣ ዓይን የማይገባ ፍጥረት ናት። በአውሮፓ ረግረጎች ትፈለፈላለች። ከዚያ ተነሥታ በኢትዮጵያና በሱዳን አካባቢ ለሳምንታት ትቆያለች፤ ክረምቱ ያበቀለው ሣርና የፈለቀው ነፍሳት እስኪያልቅ ትመገባለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኬንያና ወደ ደቡብ የምታልፈው። ይህች ወፍ የሌሎችን ወፎች ድምፅ ትማራለች። ፍራንስዋዝ ዶውሴት ለሜር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ቤልጂግ ውስጥ የሚዘምሩ የረግረግ ዘማሪዎች ከመቶ በላይ የአፍሪካ ወፎችን ድምፅ እንደሚያስመስሉ አረጋግጠዋል። በመንገዷ ያገኘችውን ቋንቋ ሁሉ ይዛ ትገባለች። አማርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ በአንድ ቀን ውስጥ የሚናገሩ ልጆቻችንን ለሚያይ ሰው ይህ የሚያስገርም አይሆንም።

ትልልቆቹ ወፎች ግን እንደ ትንንሾቹ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አይጓዙም። ሽመላና ንስር ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣ ሙቅ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አይነሣም። ስለዚህ ሰፊ ባሕር ይሸሻሉ፣ ጠባቡን መሻገሪያ ይፈልጋሉ። ከነዚህ መሻገሪያዎች አንዱ ባብ ኤል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በመጸው ወራት በተደረገ ቆጠራ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ ተቆጥረዋል። የእኛ ሰዎች በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩበት ባሕር ይኸው ነው፤ ወፎቹ ወደ እኛ፣ እኛ ወደዚያ።

ቅዳሜ ጠዋት በሳውዝ ሲ

ወፍ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሳውዝ ሲ የተቀመጠበት ሜዳ በአገራችን መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ዓይነት ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ውሃን ቶሎ አያሰርግም፤ ዝናብ በጠነከረ ጊዜ መንገዱ ሁሉ የሚጥለቀለቀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ለጫማችን መጥፎ ቢሆንም ለወፍ መልካም ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። (ስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር በሰዓት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር አትጣሉም።) መጀመሪያ የምትሰሙት እንደ ሕፃን እየጮኸ የሚያልፈውን ሀዳዳ ነው። ስሙ ከጩኸቱ የወጣ ሲሆን በረጅም ቆልማማ መንቁሩ ከሣር ውስጥ ትል እያወጣ ይበላል። የአዲስ አበባና የደጋው አገር ወላጆች ዘመዱን ያውቁታል፤ የእኛው በጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት ሲሆን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ቁራውም እንዲሁ ነው። መንቁረ ወፍራሙ የአገራችን ትልቅ ቁራ እዚህ የለም፤ የናይሮቢው ቁራ ነጭ ካባ የደረበ ይመስላል። ከትምህርት ቤት ግቢ ከልጅ እጅ ላይ ምሳ የሚነጥቀው ግን ያው ጭላት ነው። ጫጩት ይወስድ የነበረው፣ እዚህ ቺፕስ ለምዷል።

ወደ ኒያዮ ስታዲየም አደባባይ ብትወጡ በግራሮቹ አናት ላይ ቆመው የምታዩአቸው መላጣ ሽማግሌዎች አባ ኮዳ ናቸው። በሐዋሳ ዓሣ ገበያ የኖረ ሰው ጓደኞቹን እንዳገኘ ይቆጥራል። ቁመታቸው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ስሙ የወጣላቸው ከጉሮሯቸው በተንጠለጠለው ከረጢት ነው። ጭንቅላታቸው መላጣ የሆነው በጥንብ ውስጥ ሲያስገቡት ላባ ደም እንዳይዝባቸው ነው። እግራቸው ነጭ የሚመስለው ደግሞ በገዛ ኩሳቸው ነው፤ ሙቀት ሲበረታ እግራቸው ላይ ይለቁታል፣ እርጥበቱ ሲተን ይቀዘቅዝላቸዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሁን እንጂ ላብ የሚያስብ የእኛ ገላም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አባ ኮዳ በናይሮቢ የበዛው ቆሻሻ ስለበዛ ነው።

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በሜዳው ላይ ዝቅ ብለው እየተጣጠፉ የሚበሩ፣ ጭራቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀ፣ ጀርባቸው ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ትንንሽ ወፎች ታያላችሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ጨረባ የሚላት እሷ ናት። በአውሮፓና በእስያ ከብቶች በረት ውስጥ ጎጆዋን ሠርታ ወልዳ የመጣች ናት። በኩሬ ወይም በቦይ ዳር ደግሞ ጭራዋን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ሆዷ ነጭ የሆነ ወፍ ብታገኙ እርሷም ከሰሜን የመጣች የውሃ ዳር መንገደኛ ናት። ቆሻሻ ቦይ እንኳ አትንቅም።

አቅሙ ያለው ቤተሰብ ወይም ክበብ ወደ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ቢዘልቅ ይበልጥ ያያል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን ከ400 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበውበታል። ግድቦቹ ዳር ሽመላ፣ ማንኪያ የመሰለ መንቁር ያለው ወፍና የዱር ዳክዬ ይገኛሉ። መግቢያው ግን ክፍያ አለው። የኬንያ የዱር እንስሳት ክበባት የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 የመሠረቱት ተማሪዎች ሲሆኑ ጽሕፈት ቤቱ ከሳውዝ ሲ ብዙም በማይርቀው በላንጋታ ነው። መምህራን ትምህርት ቤታችሁን በክበብነት ስለማስመዝገብ እዚያ ብትጠይቁ ተማሪዎች በቡድን የሚሄዱበት መንገድ ይገኛል።

መንቁሩን አይታችሁ ምሳውን ንገሩ

የወፍ ስም ባታውቁ አትጨነቁ። በመጀመሪያ መንቁሩንና እግሩን ተመልከቱ። እግረ ረጅም የሆነው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እግረ አጭሩ በዳሩ ይሮጣል። መንቁሩ አጭር ከሆነ ከጭቃው ላይ ይለቅማል፤ ረጅም ከሆነ ጭቃውን ወግቶ ትል ያወጣል። ፔሊካን ከመንቁሩ ሥር ያለውን ከረጢት እንደ መረብ ይዘረጋዋል። ፍላሚንጎ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ውሃውን እንደ ወንፊት ያጠራል። በአንድ ረግረግ ላይ አሥር ዓይነት ወፍ ሳይጣላ አብሮ የሚበላው መሶቡ አንድ ቢሆንም እጁ የተለያየ ስለሆነ ነው።

የሳውዝ ሲ ውሃ የት ይደርሳል?

አሁን ወደ ባሕሩ እንውረድ። መንገዱን የሚያሳየን ውሃው ነው። በሰፈራችን አቅራቢያ የሚያልፈው የንጎንግ ወንዝ ከናይሮቢ ግድብ ወጥቶ በፋብሪካው ሰፈር በኩል ይወርዳል። ግድቡ በአንድ ወቅት የጀልባ መዝናኛ የነበረ ሲሆን በኋላ ጣናን የወረረው ዓይነት እምቦጭና ደለል ወረውታል። ንጎንግ ከናይሮቢ ወንዝ ጋር፣ ናይሮቢም ከአቲ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። አቲ ዝቅ ሲል ጋላና፣ ባሕሩ አጠገብ ሲደርስ ሳባኪ ተብሎ ከማሊንዲ ከተማ በስተሰሜን ህንድ ውቅያኖስ ይገባል። የሳባኪ አፍ ደግሞ በኬንያ ከታወቁት የወፍ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በጭቃውና በአሸዋው ደለል ላይ የውሃ ዳር ወፎች ይሰፍራሉ። ስለዚህ ዛሬ ከደጃችሁ ቦይ ውስጥ የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሄድበት አቅጣጫ ወደነዚህ ወፎች ማዕድ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ጠርሙሱ ግን ገና አላለቀም።

ከማሊንዲ በስተደቡብ ዋታሙ አጠገብ ሚዳ የሚባል ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ አለ። ዙሪያውን ማንግሮቭ የሚባል በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ከቦታል። ከናይሮቢ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሆንም፤ በሞምባሳ ወይም በማሊንዲ ዘመድ ያላችሁ ግን አንድ ቀን ብትሰጡት አትጸጸቱም። እዚያ ሰዓት የሚነግራችሁ የእጅ ሰዓት ሳይሆን ባሕሩ ነው። ባሕሩ በቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል ጭቃው ይገለጣል፤ ወፎቹ በሰፊው ተበትነው ይበላሉ። ሲሞላ ምግቡ ስለሚሸፈን በደረቁ ስፍራ ተሰብስበው በአንድ እግር ቆመው ያርፋሉ። ከሁሉ የሚሻለው ውሃው መሙላት ሲጀምር ቀድሞ መቀመጥ ነው፤ ወፎቹን ራሱ ባሕሩ ወደ እናንተ ይገፋቸዋል።

በሚዳ የሚፈለገው ወፍ ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለው፣ መንቁሩ እንደ ቢላ የወፈረ ሸርጣን በል ነው። የሚራባው በቀይ ባሕርና በዓረብ አገር ዳርቻ ሲሆን ከነዚህም ውስጥ የኤርትራ ደሴቶች ይገኛሉ። አሸዋውን ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ነጭ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ጉድጓዱ ከዚያ አገር ሙቀት ያድነዋል። ጫጩቱ አድጎ ወላጁን ተከትሎ ኬንያ ከደረሰ በኋላ እንኳ እያፏጨ ምግብ ይለምናል፣ ወላጁም ያበላዋል። ከውሃ ዳር ወፎች መካከል ልጁን እስከ ሰው አገር ድረስ ይዞ የሚመግብ ብዙ አይገኝም።

ሚዳ ላይ አ ሮቻ ኬንያ የተባለ ድርጅት በማንግሮቩ መካከል የተንጠለጠለ የእንጨት መሻገሪያ አሠርቷል። ጎብኚ ከሚከፍለው ገንዘብ ለአካባቢው ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍያ ድጋፍ ይሰጣል። ወፍ ማየት የሥራ ፈት ነገር ነው ለሚል ወላጅ፣ እዚያ ያሉ ልጆች የትምህርት ክፍያ ከዚሁ መገኘቱን ንገሩት።

በአገራችንስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አብያታና ሻላ ሐይቆች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሲሆን በደሴቱ ላይ ፔሊካኖች በብዛት ይራቡ ነበር። ሻላ ግን ዓሣ የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በየቀኑ ወደ አብያታ እየበረሩ ዓሣ አምጥተው ጫጩቶቻቸውን ያበሉ ነበር። አብያታ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ወደ እሱ የሚወርደው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍና ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲሳብ፣ ሐይቁ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጣ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም ደሴቱን ትተው ሄዱ። ደሴቱን ማንም አልነካውም፤ የተነካው ማዕዱ ነበር።

ሌላው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የበርጋ ጨፌ ነው። ክንፈ ነጭ የሆነች ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ የሣር ውስጥ ወፍ፣ በዓለም ላይ ከጥፋት አፋፍ ከደረሱት አንዷ፣ ክረምት ላይ እዚያ ትራባለች። እስከ 2018 ድረስ ከኢትዮጵያ ውጭ መራቢያዋ በእርግጥ የታወቀ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ግን በደቡብ አፍሪካም እንደምትራባ በካሜራ ተገኘ። የበርጋ ገበሬዎች ወፏ በምትራባበት ወቅት ከብቶቻቸውን ከጨፌው ያርቃሉ። ቀላል ነገር አይደለም፤ ክረምት ላይ ሣር ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ገጠር ያደገ ያውቃል። በምትኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከውጭ ወዳጆቹ ጋር ሆኖ ለመንደሩ ትምህርት ቤት አሠራ።

ስትወጡ የምትጠነቀቁት

የርቀት መነጽር የግድ አይደለም፤ ካላችሁ ግን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ወደ ወታደር ሰፈርና ወደ ፖሊስ ጣቢያ አታነጣጥሩት፣ ፎቶግራፍም አታንሡ። ወፍ እያየሁ ነው ማለት ሁልጊዜ አይታመንም። ትልልቆቹ የስደተኛ መታወቂያችሁን ወይም ማንዴት ወረቀታችሁን ሳትይዙ አትውጡ። ከካምፕ የምትመጡ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ልጆች ብቻቸውን ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ፓርኩ አጥር አይሂዱ፤ በአጥሩ ውስጥ ያለው አንበሳ የእውነት አንበሳ ነው። ጎጆ አትንኩ፣ ድንጋይ አትወርውሩ።

አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስፍራውን፣ የወፉን ብዛትና ምን ሲያደርግ እንዳያችሁት ጻፉ። ከዚያ ማታ ቤት ስትገቡ ወፉን ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ሥላችሁ አሳዩና በአገራቸው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቁ። የወሎው፣ የጎንደሩና የሸዋው ስም አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሁሉንም ጻፉ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን «ንዴጌ» ከማለት ያለፈ ስም የላቸውም፤ ስሞቹን የሚያውቁት ወላጆችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ የተነገረበትን አውራጃ አስፍራችሁ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ስጡ፤ የተሰበሰበውን በሚቀጥሉት ዕትሞች እናወጣለን። ጨረባዎቹ ሚያዝያ ላይ ስለሚሄዱ ከእነርሱ ብትጀምሩ መልካም ነው።